ሳሙናም ያድፋል

እድፍን ሳሙና ያስለቅቃል። ሳሙና ራሱ እድፍ ሲሆንስ ምን ያስለቅቀዋል? ጥያቄው የልጆች እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሴራሚክ የተለበጠ መታጠቢያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ በየዕለቱ ፊት ለፊቱ የሚያየው ጉዳይ ነው። ቤቱ አዲስ ሳለ መስተዋት ይመስል የነበረው ግድግዳ ወራት ሲቆጠሩ ይደበዝዛል። ከሻወሩ ሥር፣ በተለይም ከወገብ በታች ባለው በኩል፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነጣ ያለ ሽፋን ይለብሳል። ሲደርቅ ይሻክራል፤ ሲረጥብ ያዳልጣል። ውሃ ቢደፉበት አይነቃነቅም፤ በሳሙና ቢያሹት ጭራሽ ይወፍራል።

“ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው መጽሔት ላይ የሚወጣው?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አልቀየመውም። ፍልስፍና ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ስለ ሞትና ስለ ዘለዓለም፣ ስለ ነፃ ፈቃድና ስለ ዕጣ ፈንታ የሚካሄደው ትልልቁ ክርክር ነው። እኔ ግን የሰው ግብረ ገብ ከአዳራሽ ይልቅ በጓዳና በመታጠቢያ ቤት ይፈተናል ባይ ነኝ። ከዚህ ነጭ ሽፋን ጀርባም ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ይታዩኛል። ከመልካም ሥራ ለሚተርፈው መጥፎ ነገር ኃላፊው ማን ነው? ንጽሕናን መውደድ ወደ ክፋት የሚለወጠው መቼ ነው? አንዱ ያሳደፈውን ሌላው ሲያጸዳ፣ ከሁለቱ ንጹሕ የሚባለው የትኛው ነው?

* * *

አስቀድመን የነገሩን ጠባይ እንወቅ። ሳሙና የሚሠራው ስብ ወይም ዘይት ከብርቱ አልካሊ፣ ብዙውን ጊዜም ከካስቲክ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ ነው። ሰዎች ሳሙናን ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ቢኖሩም፣ የውሕደቱን ምሥጢር በሚገባ የገለጠው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ነው፤ ስለ እንስሳት ስብ ያደረገውን ምርምር በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1823 ነበር። የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት። አንደኛው ጫፏ ውሃ ይወዳል፤ ሁለተኛው ቅባት ይወዳል። ቅባት በሚወደው ጫፏ የገላችንን ቅባት ትይዛለች፤ ውሃ በሚወደው ጫፏ ደግሞ ከውሃው ጋር ተያይዛ ትሄዳለች። በእኛ አገር አነጋገር ሳሙና ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል፤ የማይዋደዱትን ውሃንና ቅባትን አስታርቆ አብረው እንዲሄዱ ያደርጋል።

ሽምግልናው የሚፈርሰው ውሃው ማዕድን የበዛበት እንደሆነ ነው። ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ለስላሳ ነው። በኖራ ድንጋይ መካከል ሰርጎ፣ ከመሬት በታች ከርሞ ሲወጣ ግን ካልሲየምና ማግኒዥየም ተሸክሞ ይወጣል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልገውም፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነግሮታል። የመቐለ ሰውም ያውቀዋል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣ ውሃ የሚደርሰው አዲስ አበቤ በአንጻሩ ሳሙናው ቶሎ አረፋ ይሰጠዋል፤ እሱም ቢሆን ፈጽሞ አያመልጥም፣ ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ።

ካልሲየም ሁለት እጅ እንዳለው ሰው ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት የሳሙና ቅንጣቶችን ጨብጦ ይይዛል። የተያዙት ቅንጣቶች የውሃ ወዳጅነታቸውን ያጡና በውሃ የማይሟሟ፣ ሰም የመሰለ ነገር ይሆናሉ። ይኸው ሰም መሰል ነገር ከገላ የተነሣውን ቅባትና የሞተ ቆዳ እያግበሰበሰ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ውሎ ሲያድር ለሻጋታም ማረፊያ ይሆናል።

እንግዲህ ልብ ይሏል። ይህ እድፍ ከውጭ በጫማ የገባ ጭቃ ወይም በመስኮት የገባ አቧራ አይደለም። ባንታጠብ ኖሮ አይኖርም ነበር። በወር አንድ ጊዜ ገላውን ከሚነካው ሰው ይልቅ በቀን ሁለት ጊዜ የሚታጠበው ሰው ቤት ይበዛል። ከገዛ ንጽሕናችን የተወለደ እድፍ ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ሳሙናው ነው እንዳንል ተግባሩን ፈጽሟል። ውሃው ነው እንዳንል፣ ያ ካልሲየም ለአጥንታችንና ለጥርሳችን የሚያስፈልገን ማዕድን ነው። ታጣቢው ነው እንዳንል፣ መታጠብ ኃጢአት የሆነበት አገር የለም። ሦስቱም ንጹሓን ናቸው፤ ግድግዳው ግን አድፏል።

እኛ ደግሞ መጥፎ ነገር ባየን ቁጥር “ማን አደረገው?” ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። ጥፋተኛው ከተገኘ ልባችን ያርፋል፤ ካልተገኘ ደግሞ ነገሩን “የዕድል ጉዳይ” ብለን እንተወዋለን። በእኔ እምነት ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥፋትና ኃላፊነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥፋት ወደ ኋላ ዞሮ አድራጊውን ይፈልጋል፤ ኃላፊነት ግን አሁን የቆመውን እድፍ ማን ያንሣው ብሎ ይጠይቃል። ጥፋተኛ በሌለበት ኃላፊ ሊኖር ይችላል።

ከራሳችን ኑሮ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ የገጠር አባት በሬውን ሸጦ ልጁን ያስተምራል። ልጁ ይማራል፤ ከወረዳ ወደ አውራ ከተማ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ይሻገራል። አባትየው በስተርጅና ብቻውን ይቀራል። ያጠፋ የለም፤ ማስተማርም መማርም መልካም ነበር። ብቸኝነቱ ግን አለ፤ የትምህርቱ ትራፊ ነው። ደግሞም በረሃብ ዘመን በእርዳታ የገባ ስንዴ ነፍስ ያድናል፤ በወቅቱ ካልቆመ ግን የገበያውን ዋጋ ጥሎ፣ ትንሽ ምርት ያገኘውን ጎረቤት ገበሬ ሊጎዳ ይችላል። እዚህም ላይ ክፉ ሰው መፈለግ ዋጋ የለውም።

ታዲያ ኃላፊው በምን ይለያል? እኔ የምደርስበት መልስ ይህ ነው፤ ከአረፋው የተጠቀመ ሰው ለእድፉም ኃላፊ ነው። የተማረው ልጅ አባቱን ብቸኛ ለማድረግ ብሎ አልተማረም፤ ነገር ግን ከትምህርቱ ያተረፈው እርሱ ነውና የአባቱ ብቸኝነት የእርሱ ጉዳይ ነው። “እኔ ምን አጠፋሁ?” የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በቂ ግን አይደለም።

* * *

ኃላፊነቱን ከተቀበልን ዘንድ ሁለተኛው ጥያቄ እድፉን በምን እናስለቅቀው የሚለው ነው። ሰው ሦስት መንገድ ሲከተል አያለሁ።

የመጀመሪያው በኃይል መፋቅ ነው። የብረት ሽቦ ወይም ቢላዋ አንሥቶ ግድግዳውን መላግ። እድፉ በርግጥ ይነሣል፤ ዳሩ ግን ሴራሚኩን የሚያበራው ስስ መስታወት መሰል ልባስ አብሮ ይጫራል። በተጫረው ቦታ ላይ ደግሞ የሚቀጥለው እድፍ ከበፊቱ ይልቅ ሥር ይሰዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ጥፋትን ለማረም የወጣ ቁጣ የሚታረመውን ሰው ላጥ አድርጎ ሲተወው ያየ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። በአርጩሜ የታረመ ልጅ ዝም ይላል፤ የተጫረው ግን ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው በረኪና ነው። በእኛ አገር ንጽሕና ማለት የበረኪና ሽታ ማለት እስኪመስል ድረስ ለሁሉ ነገር በረኪና እንደፋለን። በረኪና ተህዋስያንን ይገድላል፤ የሻጋታን ጥቁረት ያነጣል፤ ለዚህ ሥራ አቻ የለውም። ሰም መሰሉን የሳሙና ሽፋን ግን አያሟሟም። ቀለሙን ያነጣና ቤቱን የንጽሕና ሽታ አልብሶት ይሄዳል፤ ሽፋኑ ከነበረበት አይነሣም። በዓይን የማይታይ እድፍ ደግሞ ከሚታየው የከፋ ነው፤ የሚያጸዳው ሰው የለማ። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት “ግምገማ” እንዲህ አልፏል! ስሙ ተለወጠ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀባ፣ አሠራሩ ግን የነበረው ነው።

ሦስተኛው መንገድ የትዕግሥት ነው። አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ግድግዳው ላይ ይቀባል፤ ከዚያ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ኮምጣጣው አሲድ ካልሲየሙን ከጨበጠው ሳሙና ያላቅቀዋል። የቀረውን በሙቅ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ሥራውን የሚሠራው ጉልበት አይደለም፤ የነገሩን አስተሳሰር ማወቅና ጊዜ መስጠት ነው። ቋጠሮው የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ገመዱን ይበጥሳል፤ ያወቀ ይፈታዋል።

ይሁንና ይህም መንገድ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለው። አንደኛ፣ እብነ በረድ ላይ አቼቶም ሆነ ሎሚ አይነካም፤ እብነ በረድ ራሱ ካልሲየም ነውና አሲዱ እድፉን ትቶ ድንጋዩን ይበላዋል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው። ሁለተኛውና ከሁሉ የሚብሰው፣ በረኪናና አሲድ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጅግ አገር ኢፕር አጠገብ የጀርመን ጦር በጠላቱ ምሽግ ላይ የለቀቀው ጋዝ ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም። “ሁለቱም ያጸዳሉ፤ ስለዚህ ቢደባለቁ ይበልጥ ያጸዳሉ” የሚለው አስተሳሰብ የዋህ ነው፤ ግን ሳንባ ያቃጥላል። ሁለት መልካም ነገሮች ተደምረው ሁልጊዜ የበለጠ መልካም እንደማይሆኑ ከዚህ የተሻለ አስረጂ አላውቅም።

* * *

ከእድፍ ሁሉ ለማስለቀቅ የሚያስቸግረው “እኔ ታጥቤአለሁ” የሚል ሰው እጅ ላይ ያለው ነው። ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ ይህን የተረዳው በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍል ነበረው። በአንደኛው የሚሠሩት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ነበሩ። እናቶች በብዛት የሚሞቱት ሐኪሞቹ ባሉበት ክፍል ነው። ምክንያቱን ሲመረምር ሐኪሞቹ ከአስከሬን መመርመሪያ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ምጥ አልጋ እንደሚሄዱ አስተዋለ። እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ ነበር፤ ሽታው ግን አይለቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 በክሎሪን ኖራ ውህድ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ ሞቱም እጅግ ቀነሰ።

አንባቢ የሚጠብቀው ምስጋና ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ ሐኪሞች ነገሩን አልተቀበሉም፣ ተቀየሙም። የተማረ፣ የተከበረ፣ የታጠበ ሰው እጅ እንዴት ገዳይ ይባላል? ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሲሞት ዓለም ገና አላመነውም ነበር። እነዚያ ሐኪሞች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሊያድኑ የወጡ ሰዎች ነበሩ። የጎዳቸው በንጽሕናቸው ላይ የነበራቸው እምነት ነው። አውቆ የቆሸሸ ሰው ቢያንስ ይታጠባል።

ከዚህ ቀጥዬ ወደ ጨለማው ክፍል ልግባ። እንግሊዛዊቷ የሥነ ሰብእ ምሁር ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ንጽሕናና ስለ አደጋ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ቆሻሻ ማለት ያለቦታው የተገኘ ነገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ አብራርታለች። በእኛ ማዕድ ብናየው ግልጽ ነው። ወጥ በሳሕን ላይ ምግብ ነው፤ ነጠላ ላይ ሲንጠባጠብ እድፍ ነው። ጠጉር ራስ ላይ ጌጥ ነው፤ ወጥ ውስጥ ሲገኝ ያቅለሸልሻል። ነገሩ አልተለወጠም፣ ቦታው እንጂ። ሳሙናውም እንዲሁ ነው፤ እጃችን ላይ ሳለ ንጽሕና፣ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ እድፍ ተባለ። እንግዲያው በተፈጥሮው ቆሻሻ የሆነ ነገር የለም ማለት ነው።

ይህን የዘነጋ ንጽሕና ወዳድ ሰውን ማጽዳት ይጀምራል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአገራችን የቀይ ሽብር ጊዜ ከተሰሙት ቃላት ውስጥ “አሰሳ” እና “ምንጠራ” ይገኙባቸዋል። ምንጠራ የገበሬ ቃል ነው፤ ቁጥቋጦን ከእርሻ ማስወገድ ነው። የተመነጠረው ግን የሰው ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዩጎዝላቪያ ስትበታተን “የዘር ማጽዳት” የሚል ሐረግ በዓለም ተዛመተ፤ ያም ከጽዳት የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ቱትሲዎች በሬዲዮ “በረሮ” ይባሉ ነበር። ናዚዎች ደግሞ በአውሽቪትስ የጋዝ ክፍሎቻቸውን መታጠቢያ ቤት አስመስለው አዘጋጁ፤ የተጠቀሙበት ሳይክሎን ቢ የተባለው መርዝም አስቀድሞ ለተባይ ማጥፊያ የተሠራ ነበር። ሰዎች ሻወር ይወስዳሉ ተብለው ገቡ።

ሰውን በአደባባይ “አጥፉ” ከማለት “አጽዱ” ማለት ይቀልላል። ገዳይ እጁ ላይ ደም ሲያይ ሊደነግጥ ይችላል፤ አጽጂ ነኝ ብሎ ካመነ ግን ደሙን የሥራው እድፍ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አንድ ፖለቲከኛ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ “ከመካከላችን እናጽዳ” ሲል በሰማሁ ጊዜ ጆሮዬ ይቆማል። ግድግዳን ማጽዳት ይቻላል፤ ሰው ግን ያለቦታው ተገኘ የሚባል ፍጥረት አይደለም።

የቋንቋችን ነገርማ ይደንቃል። ቆዳ እየፋቀ የምንቀመጥበትን፣ የምንተኛበትን የሚያዘጋጀውን ሰው “ፋቂ” ብለን ስድብ አደረግነው። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን “ቡዳ” አልናቸው። በምጣዷ እንጀራ እየጋገርን፣ በማረሻው እያረስን እነርሱን ራቅን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉ ግን ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም። ይህም ዐሥራ አምስት ደቂቃ የማይበቃው እድፍ ነው።

* * *

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልምጣ። የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ የሚፍቀው ማን ነው?

ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ ሲሞን ደ ቦቯር እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ሴቶች ባሳተመችው ትልቅ መጽሐፏ የቤት ውስጥ ሥራን ከሲሲፈስ ቅጣት ጋር አመሳስላዋለች። ሲሲፈስ በግሪኮች ተረት ድንጋይ ወደ ተራራ ጫፍ እንዲገፋ የተፈረደበት ንጉሥ ነው፤ ድንጋዩ ጫፍ በደረሰ ቁጥር ይንከባለልበታል። ዛሬ የተፋቀ ግድግዳም ነገ ያድፋል። ንጽጽሩን በግማሽ እቀበለዋለሁ። የማያልቅ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሲሲፈስ ድንጋይ ማንንም አይጠቅምም፤ የተፋቀው ወለል ግን አንዲት አሮጊት እናት አዳልጧት ዳሌዋ እንዳይሰበር ያደርጋል። ከሥራው የሚገኘው ትርፍ ያልሆነ ነገር ስለሆነ ዓይን አያየውም። ያልወደቀን ሰው ቆጥሮ የሚያመሰግን የለምና።

በከተሞቻችን ይህን ሥራ በአብዛኛው የምትሠራው ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ሻወር ያለበት ቤት ያየችው ለሥራ ስትቀጠር ሊሆን ይችላል። በዓረብ አገሮችም፣ በቤይሩትም ሆነ በሪያድ፣ እኅቶቻችን በማያነቡት ፊደል የተጻፈበት ጠርሙስ ይዘው መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ይንበረከካሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። የፋብሪካ ሠራተኛ በዚያ አዋጅ የሥራ ሰዓቱ ሲወሰንለት፣ የቤት ሠራተኛዋ ሰዓት በእመቤቲቱ ጠባይ ይወሰናል ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር “ደመወዟን እከፍላለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ዕዳ አለብኝ?” አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ክፍያ በርግጥ አንዱ የኃላፊነት መወጫ ነው፤ ሰው በሰው ሥራ መኖሩም ነውር የለበትም። ሐኪሙ ጫማውን ራሱ አይሰፋም። ዳሩ ግን ደመወዝ የሚገዛው ጉልበትን ነው። እድፉ የእኔ መሆኑን አይገዛም። ከአረፋው የተጠቀመ ለእድፉም ኃላፊ ነው ካልን፣ እጁ የሌላ ሰው በሆነ ጊዜ እንኳ ኃላፊነቱ ከእኔ አይወርድም። ቢያንስ አራት ነገር ይቀርብኛል። የትኛው ጠርሙስ ከየትኛው ጋር እንደማይደባለቅ ማስረዳት፤ ጓንት መግዛትና መስኮት መክፈት፤ አቼቶው ሥራውን እስኪሠራ የሚያስፈልገውን ጊዜ መስጠት፣ “እስካሁን አልጨረስሽም?” እያሉ ወደ ብረት ሽቦው አለመግፋት፤ በመጨረሻም “ግራይ” ብሎ አለመጥራት። ወዳጄ ሦስቱን ተቀበለ። በጊዜው ጉዳይ ላይ አልተስማማንም፤ ጊዜ ለእርሱም የለውም።

ደግሞም እድፍ ከግድግዳ ሲለቅ ጠፋ ማለት አይደለም። ወደ ቱቦ ይወርዳል፤ ቱቦውም ወደ አንድ ሰው መንደር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኦሞን የመሳሰሉ የዱቄት ሳሙናዎች ሲስፋፉ፣ ከማዕድናም ውሃ ጋር ይህን ሰም መሰል ነገር ባለመሥራታቸው ትልቅ ድል ተቆጠረ። ይሁንና ብዙዎቹ ውስጥ የነበረው ፎስፌት ወደ ሐይቆች እየወረደ አልጌ የተባለውን አረንጓዴ ዝልግልግ አበዛ፤ በሰሜን አሜሪካ የኢሪ ሐይቅ ክፉኛ ተጎዳ። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ለመቀነስ ስምምነት እስከመፈራረም ደረሱ። እድፉ ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ወደ ታች ማየት ግን ሁልጊዜ ሐዘን ብቻ አያሳይም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. ግድም (እ.ኤ.አ. በ1964) አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከልብስ ማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን አስተዋለ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ተባይ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና፣ ከአጣቢዎቹ እጅ የወረደው አረፋ የመድኃኒት ፍንጭ ሆነ። እርሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ የተቀበሉት በዚሁ ሥራ ነው። ሌላው ሰው የታጠበውን ልብስ ሲያይ፣ አክሊሉ ልብሱ ትቶት የሄደውን ውሃ አየ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እዚያ ባይኖሩ ደግሞ የሚያየው ነገር አይኖርም ነበር።

ስለዚህ እድፍ የማይተው ንጽሕና እንዲኖር አልመኝም፤ አይኖርምና። ያለ ትራፊ አጸዳችኋለሁ የሚለኝን ሰውም፣ ነጋዴም ይሁን መንግሥት፣ አላምነውም። የምመኘው ቀለል ያለ ነገር ነው። ሰው ታጥቦ ሲጨርስ፣ ሽፋኑ ገና ውሃ ሳለ፣ አንድ ደረቅ ጨርቅ አንሥቶ ግድግዳውን ያብስ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይደርቅ የታበሰ ግድግዳ አቼቶም ብረት ሽቦም አያስፈልገውም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ቀስ በቀስ የሚከመረው እድፍ የሚሸነፈው በዚሁ ነው። ጨርቁን ማን ያንሣ? ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የእኔ መልስ አጭር ነው፤ የታጠበው ያንሣ።